መሶብ ሊሰፋ የተነሳው ጃርት

ተረት አለኝ፤ ቀረብ በሉና ስሙኝ። ከመካከላችሁ ይህን ጃርት የሚመስል ሰው ካለ ዝም ብሎ ይቀመጥ። እኔም ዝም ብዬ ብቀመጥ ይሻለኝ ነበር፤ ግን ታዲያ ማን ይተርክላችሁ?

ድሮ፣ እንስሳቱም ዕቃዎቹም እንደ ሰው በሚያወሩበት ዘመን፣ ከአንድ ኮረብታ ሥር አያ ጃርት የሚባል ጃርት ይኖር ነበር። ሚስቱ እመት ሽብሬ ትባላለች። ልጆችም ነበሯቸው፤ የልጆቹ ታላቅ ትብለጥ ናት።

አያ ጃርት ደግ ነበር፤ ታታሪም ነበር። የሚቸግረው "አላውቅም" ማለት ብቻ ነበር። መንገድ ሲጠይቁት "አውቃለሁ" ይላል፤ ይጠፋል። "ዛሬ ይዘንባል?" ሲሉት "አውቃለሁ፣ አይዘንብም" ይላል፤ በስብሶ ይገባል።

በዚሁ ጠባዩ ከታናሽ ወንድሙ ከዋሴ ጋር ተጣላ። አብረው የቤት ጉድጓድ ሲቆፍሩ ዋሴ፣ "ጋሼ፣ እዚህ ጋ አፈሩ ልል ነው፤ ይናድብናል" አለው። አያ ጃርት "አውቃለሁ" ብሎ ቆፈረ። ተናደ። አፈሩን ከጆሮው ሳያራግፍ፣ "አንተ ነህ ያሟረትክብኝ" ብሎ ወንድሙን ተቆጣው። ዋሴ አኩርፎ ከወንዝ ማዶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አብረው እህል ቀምሰው አያውቁም። በጃርቶች አገር ደግሞ የተጣሉ ወንድማማቾች ታረቁ የሚባለው ከአንድ መሶብ ሲጎራረሱ ነው።

ታዲያ በአያ ጃርት ቤት ጥሩ መሶብ ነበር፤ እመት ሽብሬ ከእናቷ ቤት ያመጣችው። አንድ ቀን ምሳ ሊቀርብ ሲል አያ ጃርት ለልጆቹ እስክስታ ላሳይ ብሎ ተነሳ። ወደ ፊት መታ፣ ወደ ጎን መታ፣ ወደ ኋላ ሲል መሶቡ ላይ ቁጭ አለ። የጀርባው እሾህ መሶቡን በሳስቶ በጣጠሰው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ በቅጠል ይታደል ጀመር። አንዱ ልጅ ድርሻውን ይዞ ወደ በሩ፣ አንዷ ወደ ጓዳው፣ አባትየው ወደ ጥጉ። ጨዋታ ቀረ፤ ሳቅ ቀረ። ድስቱም ምድጃው ላይ ሆኖ አጉረመረመ። "ድሮ የሠራሁት ወጥ ሲወጣ ጫጫታ እሰማ ነበር" አለ። "አሁን የማኘክ ድምፅ ብቻ ነው የምሰማው። እንዲህ ከሆነ እኔ ለምን እፈላለሁ?"

እንዲህ ሆነው ሲኖሩ ርግብ ከወንዝ ማዶ መልእክት ይዛ መጣች።

"አያ ጃርት፣ ወንድምህ ዋሴ ናፍቆሃል" አለች። "የፊታችን እሁድ ይመጣል። ከመሶብህ ቆርሶ ሊታረቅህ ይፈልጋል። መሶብ ካልቀረበልኝ ግን ወንድሜ ገና አልበረደለትም ብዬ እመለሳለሁ ብሏል፤ ሁለተኛም አይመጣም።"

አያ ጃርት ደስታው ፊቱ ላይ ሳያልቅ ድንጋጤ ያዘው። መሶብ የታለ?

"ከጎረቤታችን ከሽኮኮ እንዋስ" አለች እመት ሽብሬ።

"ወንድሜን በውሰት መሶብ አላበላም።"

"እንግዲያው እኔ ልስፋ፤ አንተ ዱባውን ላጥልኝ።"

"የሰበርኩት እኔ፣ የምሰፋውም እኔ።"

"ስፌት ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ" አለ አያ ጃርት። "ጀርባዬን ሙሉ ወስፌ ተሸክሜ የምዞር እኔ ስፌት ካላወቅሁ ማን ሊያውቅ ነው?"

የእመት ሽብሬ የብረት ወስፌ ግድግዳው ላይ ተሰክታ ይህን ትሰማ ነበር። አሮጊት ወስፌ ናት፤ ብዙ መሶብ ሰፍታለች። 

አያ ጃርት የስፌት ሳሩን፣ ስንደዶውንና አክርማውን ሰበሰበ። ከጀርባው አንድ እሾህ ነቀለ። እንባው ዱብ አለ። "አላመመኝም" አለ፤ ማንም የጠየቀው ግን አልነበረም።

ሊጀምር ሲል ወስፌዋ፣ "አያ ጃርት፣ መጠቅለያውን አክርማ መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ንከረው፤ ደረቁን ከሰፋኸው ይሰበራል" አለችው።

"አውቃለሁ" አለ፤ ደረቁን ሰፋው። ሳሩ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ተሰባበረ። ምሽት ላይ እጁ ላይ የቀረው አንድ እፍኝ ገለባ ነበር። ትብለጥ መጥታ አየችና፣ "አባዬ፣ ጎጆ እየሠራህ ነው?" አለችው። እሱም፣ "ይሄ ልምምድ ነው" አላት።

በማግስቱ አክርማውን ነክሮ እንደገና ጀመረ።

"አያ ጃርት፣ እያንዳንዱን ዙር ጠበቅ አድርገህ ሳበው፤ አለበለዚያ ያፈሳል" አለች ወስፌዋ።

"አውቃለሁ" አለ፤ ላላ ላላ አድርጎ ሮጠበት። ቶሎ አለቀለት። ደስ ብሎት አንስቶ ወደ ብርሃኑ ቢይዘው፣ በዚያኛው በኩል እመት ሽብሬ ዱባ ስትልጥ ቁልጭ ብላ ታየችው። እሷም በቀዳዳው አየችው።

"ጥሩ መስኮት ነው" አለች፤ ወደ ዱባዋ ተመለሰች።

እሁድ ደረሰ። አያ ጃርት ከንጋት ጀምሮ ለሦስተኛ ጊዜ ያዘ። አሁን ግን ችኮላ ገባበት። የቤቱ ወለል ተዳፋት ስለሆነ ስፌቱ እየተንከባለለ አስቸገረው። ቢይዘው ያመልጠዋል፤ ቢረግጠው ይጎብጣል። በመጨረሻ ከጀርባው አስደግፎ አቆመውና እጁን ወደ ኋላ እየዘረጋ ይሰፋ ጀመር። በዚህ ጊዜ በእሾሁ ፈንታ የብረቷን ወስፌ ከግድግዳው ነቅሎ ይዟት ነበር።

ወስፌዋ ከእጁ ላይ ሆና፣ "አያ ጃርት፣ ወደ ፊትህ አምጣው እንጂ፤ የማታየውን እንዴት ትሰፋለህ?" አለችው።

"አውቃለሁ" አለ።

ወጋ፣ ሳበ፣ ጠቀለለ። ወጋ፣ ሳበ፣ ጠቀለለ። በዚህ ጊዜ አክርማውን እጥብቅ አድርጎ ነው የሚስበው። የሚጠቀልለው ግን ስንደዶውን ብቻ አልነበረም፤ የገዛ እሾሁንም አብሮ ይጠቀልል ነበር። ጨርሶ ሊነሳ ሲል መሶቡ አብሮት ተነሳ። ዞሮ ሊያየው ሲል መሶቡም አብሮት ዞረ።

"ሽብሬ" አለ ቀስ ብሎ። "መሶቡ አልለቅም አለኝ።"

መሶቡም አፍ አውጥቶ ከኋላው፣ "ለመልቀቅማ ዝግጁ ነበርኩ" አለ። "የሰፋኸኝ ካንተ ጋር ነው።"

እመት ሽብሬ መሶቡን ያዝ አድርጋ ሳበችው፤ አያ ጃርት ጮኸ። ልጆቹ ተጋግዘው ሳቡት፤ አሁንም ጮኸ። "እያንዳንዱን ስፌት ካልተረተርን አይወጣም" አለች እመት ሽብሬ። ይህን እየተባባሉ ሳለ በሩ ተንኳኳ።

ዋሴ ነበር። ከወንዝ ማዶ የቆፈረውን ስኳር ድንች በትከሻው ተሸክሞ በሩ ላይ ቆሟል። ጠጉሩ ሸብቷል። አያ ጃርት ወንድሙን ሲያይ ሆዱ ባባ፤ ሮጦ ሊያቅፈው ፈለገ። ግን ጀርባውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ቆመ።

"ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል" አለ ዋሴ።

"እግዜር ይመስገን። ግባ፣ ግባ" አለ አያ ጃርት፤ ከግድግዳው ግን አልተላቀቀም።

ዋሴ ቆመ። ወንድሙ ሊስመው እንዳልመጣ አየ። ፊቱ ጠቆረ። ቤቱን ዞር ዞር ብሎ ቃኘ፤ መሶብ የሚባል ነገር አላየም። ስኳር ድንቹን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠ።

"ይሄ ለልጆቹ ነው" አለ። "አልበረደልህም ማለት ነው። እንግዲህ ደህና ሁን፣ ጋሼ።" ወደ በሩ ዞረ።

ያን ጊዜ የቤቱ ሁሉ ዓይን አያ ጃርት ላይ ሆነ። ትብለጥ አየችው። እመት ሽብሬ አየችው። ድስቱም መፍላቱን አቁሞ አየው። አያ ጃርት አፉን ከፈተ። መጀመሪያ የመጣለት፣ "ይሄ አዲስ አሠራር ነው" የሚል ነበር፤ ዋጠው። ቀጥሎ የመጣለት፣ "ሽብሬ ናት እንዲህ ያደረገችኝ" የሚል ነበር፤ እሱንም ዋጠው። ወንድሙ አንድ እግሩን ከደጃፉ ሲያወጣ አያ ጃርት ከግድግዳው ተላቀቀና ዞሮ ጀርባውን አሳየው።

"ዋሴ" አለ። "መሶቡ ይኸው። ላንተ ብዬ የሰፋሁት ነው። ስፌት አላውቅም። ወስፌዋ ስትነግረኝ አውቃለሁ አልኩ። መሶብ ልሠራ ተነስቼ የመሶብ ክዳን ሆንኩልህ።"

 አያ ጃርት የተናገረውን ራሱ ሰማውና መጀመሪያ ትከሻው፣ ከዚያ ሆዱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሳቀ። እስኪያነባ ሳቀ። ሲስቅ መሶቡ ጀርባው ላይ እየዘለለ፣ "ቀስ በል፣ ጠርዜን ጨረስከው" ይለዋል።

"የዚያን ቀን የተናደውም አፈር" አለ አያ ጃርት ዓይኑን እየጠረገ፣ "አንተ አላሟረትክም። ነግረኸኝ ነበር። እኔ ነኝ የናድኩት። ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።"

ዋሴ ከደጃፉ ተመለሰ። አንገቱን አቅፎ ሳመው፤ ከጀርባው ማቀፍማ አልተቻለም።

"መሶቡ ከተገኘ" አለ ዋሴ፣ "ምሳው ይቅረብ። ጋሼ፣ በሆድህ ተኛ።"

አያ ጃርት በሆዱ ተኛ። እመት ሽብሬ ጀርባው ላይ በተሰፋው መሶብ ቂጣውን አነጠፈች፤ የዱባውን ወጥ አወጣች፤ ዋሴ ያመጣውን ስኳር ድንች ጠብሳ ደረደረች። ሁሉም ዙሪያውን ከበው ተቀመጡ። ድስቱ ጫጫታውን ሲሰማ ደስ ብሎት እንደገና ተንተከተከ።

"ጋሼ፣ አትሳቅ፤ ወጡ ይደፋል" ይላል ዋሴ።

"አታስቁኝ እንጂ" ይላል አያ ጃርት ከታች።

መሶቡ እዚህ ጠብቆ እዚያ ላልቶ ነበርና ወጡ በክፍተቱ ሾልኮ በአያ ጃርት አንገት ወረደ፤ አፍንጫው ጫፍ ላይ ደረሰ። ላሰው።

"ሽብሬ፣ ጨው አንሶታል" አለ።

ዋሴ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ጎንበስ አለና ለወንድሙ አጎረሰው። አያ ጃርትም ካለበት ሳይነሳ አንድ ስኳር ድንች በእጁ ፈልጎ አገኘና ወደ ላይ አጎረሰው፤ መጀመሪያ ጆሮው ላይ፣ ቀጥሎ አፉ ውስጥ። በጃርቶች ሕግ ታረቁ።

ከምሳ በኋላ ስፌቱን አንድ በአንድ ተረተሩት። በነጋታው አያ ጃርት ከሚስቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ "ከየት ነው የሚጀመረው?" ብሎ ጠየቀ። ዋሴ ሳሩን ነከረ፣ ትብለጥ ሰነጠቀች፣ ወስፌዋ መንገዱን አሳየች። የአያ ጃርት እጅ የነካው በኩል ግን ትንሽ ዘመም ብሎ ቀረ። ወጥ ሲወጣበት ሁልጊዜ ወደዚያ በኩል ይንሸራተታል። እንግዳ ሲመጣ በዚያ በኩል ያስቀምጡታል። እስከ ዛሬ ድረስ በዚያ ቤት ልጆቹ የሚሻሙት ያንን ቦታ ነው ይባላል፤ አያ ጃርትም፣ "የኔ ስፌት ያለበት በኩል ይጣፍጣል" እያለ በራሱ ይስቃል።

አላውቅም ለማለት ያፈረ ብቻውን ይበላል፤ በራሱ መሳቅ የቻለ ከዘመዱ ጋር ይጎራረሳል። እኔ ተርቼ ጨረስኩ፤ ጆሯችሁ ይባረክ፤ ተነሱ፣ ምግቡ ሳይቀዘቅዝ እጃችንን እንታጠብ።