በሰው ሥዕል ፊት የቆመው ሠዓሊ

አንድ ሰው ነበረ፤ ካሪካቸር በሚሉት ጥበብ፣ የሰውን መልክ እያጋነነ በመሣል የሚተዳደር። «የባልንጀራዬን ሥራ ባደንቅ የእኔ አያንስብኝም ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛልና መልሱን ከዚህ ሰው ተቀበል።

ይህ ሰው በከተማው የታወቀ ነበር። እያደር ግን እጁ ደረቀ። ሙሽራውንም ዳኛውንም በአንድ ዓይነት አፍንጫ መሣል አመጣ። እንዲያውም ሁለት ደንበኞች ሥዕላቸው ተለዋውጦባቸው የነቁት በሳምንቱ ነው። አፍንጫ እንቢ ያለው ሰው በዚህ ሙያ እንጀራ አይበላም። እሱም ይህን ያውቃልና «ዘንድሮ ካልቀናኝ እርሳሴን ጥዬ ወንድሜ ሱቅ እገባለሁ» ብሎ ቆረጠ።

በዚያ አገር እንዲህ ያሉ ሠዓሊዎች በዓመት አንድ ጊዜ ይሰበሰባሉ። ሁለት ቀን እርስ በርስ ሲሣሣሉ ይሰነብታሉ፤ ሥዕሉንም እንዳለቀ እንዳለቀ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። በሦስተኛው ቀን እያንዳንዱ «ምነው እኔ በሣልኩት» ባለው ሥዕል ፊት ሄዶ ይቆማል። በራስ ሥዕል ፊት መቆም ነውር ነው። ብዙ ሰው የቆመለት የዓመቱ አለቃ ይባላል። ሰውየውም አለቃ ተብዬ ከተመለስኩ ደንበኛዬ ይመለስልኛል ብሎ ሄደ።

የራሱን ሥዕል ቶሎ ሠርቶ ሰቀለና ሁለቱን ቀን ግድግዳውን ሲዞር ዋለ፤ ሊደሰት ግን አልነበረም። የዚህኛው መስመር ተንሻፏል፣ የዚያኛው ጥላ በዝቷል ይላል። ደኅና ሥዕል ሲገጥመው ቶሎ ያልፈዋል።

በሦስተኛው ቀን ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። በእሱ ሥዕል ፊት ሰባት ሰው ቆመ። በአንዲት አሮጊት ሠዓሊ ሥዕል ፊትም ሰባት። ያልቆመ እሱ ብቻ ቀረ። ተንኮሉን አስቀድሞ አስቦበታል፤ ማንም ወዳላየው ደካማ ሥዕል ሄዶ ሊቆምና አለቅነቱን ቢያንስ ሊካፈል። ወደዚያ ሲያልፍ የአሮጊቷን ሥዕል የከበቡት ሰዎች ዞረው አዩትና ፈገግ አሉ። ቀና ቢል የተሣለው ራሱ ነው።

እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን አስግጎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የሰው ሥዕል ላይ ጉድፍ ሲፈልግ ነው የሣለችው። በአፍንጫው ቦታ ባዶ ወረቀት አለ፤ አንዲት መስመር አላረፈችበትም። አፍንጫው ግን የእሱው አፍንጫ፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰውየው መጀመሪያ አፈረ። ቀጥሎ ሳቅ አመለጠው፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ እግሩ አልነሣ አለው። ስምንተኛ ሆኖ እዚያው ቆመ።

አለቅነቱ ሄደ። እንኳን ደስ አለዎ ሊላት አሮጊቷን ቢፈልግ፣ በእሱ ሥዕል ፊት ቆማ አገኛት። እስከዚያች ሰዓት የቆሙለትን ሰዎች ሰባትነታቸውን እንጂ ፊታቸውን አላየም ነበር።

«ይኼን ጆሮ እንዴት አድርገህ ነው የሣልከው ልጄ? ከትናንት ጀምሮ ከዚህ መራቅ አቃተኝ» አለችው።

«እማማ፣ እርስዎ ደግሞ አፍንጫዬን ሳይሥሉ እንዴት አሳዩት?»

«ጉንጭህንና ከንፈርህን ደኅና አድርጌ ቦታቸው ካስቀመጥኳቸው፣ አፍንጫህ የት ይሄዳል?»

አዳራሹ እስኪዘጋ እሷ አፍንጫ አሳየችው፣ እሱም ጆሮ አሳያት። ሲለያዩ ጉልበቷን ሳመና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እጄን መለሱልኝ» አላት። አገሩ ገብቶ የመጀመሪያዋን ደንበኛ ሲሥል፣ ሴትየዋ ሥዕሏን አይታ ወንበር እስክትደገፍ ሳቀች። የወንድሙን ሱቅ ከዚያ ወዲህ አላሰበውም።

ልጄ ሆይ፣ አንተም ያ ሰው ነህ። ትናንት የባልንጀራህ ሥዕል ጋ ስትደርስ እርምጃህን ስታፈጥን አይቼሃለሁ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» እንዳትለኝ፤ እሱ ስለ መዋስ የተባለ ነው እንጂ ስለ ማድነቅ አይደለም። ያ ሰው አልፎ ቢሄድ ኖሮ ግማሽ አለቅነትና ሙሉ የደረቀ እጅ ይዞ ይገባ ነበር። በመቆሙ ግን ሌላው የደከመበትን ተማረ፤ ለእሱም ማን እንደቆመለት አየ። ጥሩ ሥራ ያየህ ቀን ሳትለፋ ተሰጥቶሃልና አመስግን። ባልንጀራህ ገና አልሄደም፤ እዚያ ማዶ እርሳሱን እየቀረጸ ነው። ሂድና ንገረው።