ወተቱን የመለሰችው ሴት

አንዲት ሴት ሆስፒታል ውስጥ ሽንት አይታ እልል አለች።

አትሳቁ! ባሏ ግንበኛ ነው። የፎቅ ወለል፣ የሶሌታ ኮንክሪት ሙሌት ደርሶበት፣ ትውከትና ተቅማጡን ደብቆ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ሠራ። ሙሌት መሃል ላይ አይቋረጥማ! በሦስተኛው ቀን ተዝለፍልፎ ወደቀ። ሆስፒታል ሲደርስ ሰውነቱ ደርቆ፣ የደም ግፊቱ ወርዶ፣ ሽንቱ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር።

ሚስቱ ሐኪሟን ኮሪደር ላይ ያዘቻት። «ዶክተር፣ ኩላሊቱን ምን ነካው?»

«አየር አጣ» አለቻት። «ኩላሊት የተሠራው ከብዙ ጥቃቅን ሴሎች ነው። እያንዳንዱ ሴል በሩ ላይ ዘበኛ አለው በይ። ዘበኛው ካልሲየምን ቀን ከሌት ወደ ደጅ ይመልሳል። ጉልበቱ ኦክስጅን ነው፤ ኦክስጅኑን የሚያመጣው ደም ነው። ደሙ ሲያንስ ዘበኛው ይዝላል። ያኔ ደጅ የነበረው ካልሲየም ግር ብሎ ይገባል። ገብቶም ሴሉ ውስጥ የተኙትን ኢንዛይሞች ይቀሰቅሳል፤ የተቀሰቀሱት የገዛ ቤታቸውን ግድግዳ ይበሉታል።»

«ካልሲየም አጥንት የሚሠራው አይደለም እንዴ?»

«እሱው ነው። ክፉ አይደለም። ያለ ልክ ሲገባ ነው የሚገድለው።»

«ታዲያ ባሌ አለቀለት?»

«የሞቱት ሴሎች ሞተዋል። የተረፉት ሊያገግሙ ይችላሉ። ኩላሊቱ እስኪነሳ ግን ትርፉን ከደሙ የሚያስወጣለት የለም፤ ወተትም ሆነ ብርቱካን፣ ያለ እኛ ፈቃድ በአፉ እንዳይገባ።»

በማግስቱ ዕድርተኛው መጣ። አሥራ አንድ ሰው! መረቅ፣ ብርቱካን፣ በፔርሙስ ትኩስ ወተት። ባዶ እጁን በሽተኛ የሚጠይቅ አለ እንዴ በእኛ አገር? ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆመች።

የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ወንድይፍራው ተቆጡ። «በታመመ ሰው ላይ በር ይዘጋል? አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ?»

«ጋሼ፣ እግርዎ ላይ እወድቃለሁ። ግን አያልፉም።»

«ወተት እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። ለደህና ሰው ነው።»

«ነገ ሲቸግርሽ ማን ሊደርስልሽ ነው?»

«እሱ ይትረፍልኝ እንጂ፣ ማንም አይድረስልኝ!»

ዘጠኝ ቀን ያንን በር ጠበቀች። ስሟ በሰፈሩ ጠፋ። «ኩራተኛ» ተባለች፣ «ዘመድ የማትወድ» ተባለች። ንቅንቅ አላለችም። በዘጠነኛው ቀን ከባሏ አልጋ ሥር በተንጠለጠለችው ከረጢት ውስጥ ጥቂት ሽንት ታየ። እልልታው የዚያን ጊዜ ነው።

ወገኖቼ፣ ሰይጣንንማ ታውቁታላችሁ። ደጃችሁ ላይ ስታዩት ታማትባላችሁ። ወተት ይዞ የሚመጣውንስ? የሠርግ ኮሚቴውን፣ ስልኩን፣ «ያላንተ አይሆንም» የሚለውን ውዳሴ፣ የአገልግሎት ስብሰባውን ጭምር! ሁሉም መልካም ነው። ግን የነፍሳችሁ አየር ጸሎት ነው። እሱ ከተቋረጠ ስንት ጊዜ ሆነው? በራችሁ ላይ ማን ቆሟል? ሰው ይቀየመኛል ብላችሁ ስንቱን አስገባችሁ? ውስጣችሁ እየፈረሰ በይሉኝታ «ግቡ፣ ግቡ» ትላላችሁ!

እኔስ እምቢ በሉ እላችኋለሁ። ይቀየሙ! ሞቷል ከተባለው መካከል ገና ያልሞተ አለ። ለእሱ ስትሉ በሩን ያዙ። «አያልፍም» በሉ።

ከአሥራ አንዱ ፔርሙሱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ቄስ ስለሆንኩ እኔን የምትመልሰኝ አልመሰለኝም። መለሰችኝ። ወተቱን ይዤ፣ ተናድጄ ቤቴ ገባሁ። ዛሬ ያ ግንበኛ ከወንበሩ መጨረሻ፣ ከሚስቱ ጎን ተቀምጦ ይሰማኛል።

ስለዚህ ነፍሳችሁ አየር ባጠራት ቀን እኔም ወተት ይዤ ብመጣ፣ መስቀሌን አይታችሁ አትፈሩ። መልሱኝ።