አሥራ አንድ ቀን የቆየው ወረቀት

ሶስና የለችም። ስድስት ዓመቷ ነበር።

ታሪኩ የጥንት አይደለም፤ የቅርብ ጊዜ ነው። ጨፌ የምትባል ከተማ ነበረች። ስሟ እንደሚለው ረግረግ ላይ የተሠራች፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ከገበያ መንደርነት ተነሥታ ሦስት እጥፍ ያደገች። ከወደ ላይ ላይ ሰፈር፣ ከወደ ታች ታች ሰፈር፣ መካከል ላይ ቦይ። ክረምት በገባ ቁጥር ቦዩ ይሞላል፣ ሁለቱ ሰፈሮችም ይጣላሉ። የላዮቹ «ቦዩን የደፈነው የታቾቹ ቆሻሻ ነው» ይላሉ። የታቾቹ «ውሃውን የላከብን የላዮቹ ኮብልስቶን ነው» ይላሉ። ላይ ሰፈር ጥናት አስጠና፤ ጥፋተኛው ታች ሰፈር ሆነ። ታች ሰፈርም አስጠና፤ ጥፋተኛው ላይ ሰፈር ሆነ። ጥናት ይሉታል እንጂ ክስ ነበር። ውሃው ግን አንዱንም አላነበበም።

የሶስና አባት ይርዳው ጎሚስታ ነው። ዳሱ ከትምህርት ቤቱ መሻገሪያ ሃምሳ እርምጃ አይርቅም። መሻገሪያ ሲባል እንግዲህ፣ በቦዩ ውስጥ የተቀበረ አንድ ቱቦና በላዩ የተደለደለ አፈር ነበር። ሰኔ አሥራ ዘጠኝ ቀን ልጆች ካርድ ተቀብለው ሲመለሱ ዝናቡ ከላይ ሰፈር ወረደ። ቱቦው አልቻለም፤ አፈሩ ተናደ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ያን ቀን ሳያሳስቅ ወሰደ።

አሁን ስለ ሦስት ሰዎች ስሙ።

የመጀመሪያዋ ወይዘሮ ፈትለወርቅ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ ሲወጡ፣ ከሁለት የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ጋር አንድ ክፍል ይዘው የከተማዋን ጉዳይ ማጥናት ጀመሩ። ከላይም ከታችም ሰፈር ምንም አይቀበሉም፤ ሻይ እንኳ። ቀይ ቀለበት የተቀባ እንጨት በቦዩ ሰባት ቦታ ተከሉ። ሁለት ክረምት ሙሉ በየቀኑ እየወረዱ ውሃው ስንተኛው ቀለበት ላይ እንደደረሰ አነበቡ። ቆሻሻውን መዘኑ፤ ከኮብልስቶኑ የሚወርደውንም ለኩ። በመጨረሻ ያገኙት ይህን ነበር፦ የቆሻሻው ነገር እውነት ነው፣ የኮብልስቶኑም እውነት ነው፤ ሰው የሚገድለው ግን የትምህርት ቤቱ ቱቦ ነው፤ ለሦስት ቱቦ የሚከብድ ውሃ በአንድ ያልፋል። ደንባቸው አንድ ነው። ያገኙትን የጻፉበት ወረቀት ለሁለቱም ሰፈር በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ አዳራሽ ይነበባል። ቀድሞ የሰማ ወገን ካለ ሌላው አያምንምና። ለሰኔ ስምንት ቀጠሩ። ቀጠሮው ፈረሰ። ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ገባ፤ አሥራ አንደኛው ቀን ላይ ሶስና ሄደች። ከቀብሩ በኋላ ሲነበብ ግን፣ የማንም ስላልነበረ ማንም «ውሸት ነው» ሊል አልቻለም። በጨፌ እንዲህ ያለ ነገር ያን ጊዜ ነው የታየው።

ሁለተኛው አቶ ሽብሩ ናቸው፤ የታች ሰፈር ተመራጭ። የሰኔ ስምንቱን ቀጠሮ ያፈረሱት እሳቸው ናቸው። ምክንያቱ አዳራሹ ላይ ሰፈር መሆኑ ነበር። «በነሱ አዳራሽ? ሰዎቼ አይገቡም፤ ሌላ ቦታ ይፈለግ» አሉ። ሌላ ቦታ ሲፈለግ ቀኑ አለፈ። ወረቀቱ በተነበበ ቀን ግን ከሁሉም ቀድመው ተነሡ። «ቆሻሻው የኛ ነው። ወረቀቱ ልክ ነው። ለሰፈራችን ሊሠራ የታሰበው አዳራሽ ይቅርና በገንዘቡ ድልድይ ይሠራ» አሉ። የገዛ ወገናቸው «ከሃዲ!» ብሎ ጮኸ። ወንበራቸውን አጡ። እስከ ዛሬ በታች ሰፈር ሲያልፉ ሰላም የማይላቸው ሰው አለ።

ሦስተኛው ጋሽ ደባልቄ ናቸው፤ የላይ ሰፈር ግንበኛ። ያን ቱቦ ከስምንት ዓመት በፊት የቀበሩት በገዛ እጃቸው ነው። ሲቀብሩት መጥበቡን አይተዋል፤ ለአሠሪው ተናግረዋልም። አሠሪው «ግንበኛ ነህ መሐንዲስ?» ሲላቸው ዝም ብለው ቀበሩት። ድልድይ ይሠራ በተባለ ጊዜ ከተማው የነበረው ሲሚንቶና ብረት ብቻ ነበር። ጋሽ ደባልቄ ለቤታቸው ያጠራቀሙትን ጥርብ ድንጋይ በሙሉ አመጡ። ያለ ክፍያ፣ ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ስፋት፣ አንድ ስንዝር ሳይቀንሱ ሰባት ወር ሠሩ። ዛሬም የሚኖሩት በጭቃ ቤት ነው።

በሚቀጥለው ሰኔ ውሃው ካለፈው ዓመት በሁለት ቀለበት በልጦ መጣ። በድልድዩ ሥር አለፈ። ልጆቹ ካርዳቸውን ይዘው በላዩ አለፉ። አንድ ጫማ እንኳ አልጠፋም።

በጨፌ ልማድ አለ። አዲስ ድልድይ ወይም መንገድ አንድ ክረምት ከቻለ እድሩ ካባ ገዝቶ ለባለውለታው ያለብሳል። ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ካባ አይቀደድም። የሚያለብሰውም በነገሩ የተጎዳ ሰው ነው። ካባው ይርዳው እጅ ገባ።

ከዚያ ወዲያ ሰላም አላገኘም። ሰው ያልተነፈሰ ጎማ ተሸክሞ ይመጣ ጀመር።

«ይርዳው፣ መቼም ለጋሽ ደባልቄ ነው» አለው አንድ የላይ ሰፈር ሰው። «በወረቀት ላይ ተሻግረህ ታውቃለህ?»

«ጎማህ ምን ሆነ?»

«ደህና ነው።»

«እንግዲያው ይዘኸው ሂድ።»

ከሰዓት አንድ የታች ሰፈር ሰው መጣ፤ እሱም ጎማ ይዟል። «ሽብሩ ወንበሩን አጣ እኮ! ድንጋይማ የትም አለ።»

«አንተ አይደለህ እንዴ ከሃዲ ያልከው?»

«ያኔማ ተናድጄ ነው። አሁን ካባው ወደነዚያ ሊሻገር?»

ይርዳው መዶሻውን መሬት ላይ ጣለው። ስለ ወይዘሮ ፈትለወርቅ ግን ጎማ ይዞ የመጣ አልነበረም። ወገን ያልያዘ ሰው ወገን የለውም። እሱ ራሱ ወደ ክፍላቸው ሄደ።

«እትዬ፣ ለአንዱ ሰፈር ቀድመው ቢሰጡት ኖሮስ?»

«ሌላው ሐሰት ነው ይል ነበር። ድልድዩ ዛሬም አይኖርም።»

«እሺ ወረቀቱ ይቅር። ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ቆመው፣ በዚህ አትለፉ ቢሉስ? እንደ ሰው?»

ወይዘሮዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «በአንዱ አፍ ተናገረች እንዳልባል ፈራሁ። በየቀኑ አስበዋለሁ።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አላቸው። ተናግሮት አያውቅም ነበር፤ ዓመት ሙሉ ጉሮሮው ላይ ነበር።

«እውነትህን ነው ልጄ» አሉት። አልተቆጡም። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደው።

ካባው የሚለበስበት ቀን ደረሰ። ላይ ሰፈር በላይኛው ዳር፣ ታች ሰፈር በታችኛው ዳር ተሰበሰበ። ሦስቱ ሰዎች ድልድዩ ላይ፣ ይርዳው ካባውን ይዞ ከፊታቸው። የእድሩ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊጀምሩ ሲሉ፣ ከታችኛው ዳር አንዱ «ካባው የሚለበሰው በየትኛው ጫፍ ነው?» አለ።

«በላይኛው ነዋ!»

«ለምን ተብሎ? የኛ መሬት ምን ሆነ?»

«ሌላ ቀን ይሁን፣ ተነጋግረን!»

«አዎ፣ ሌላ ቀን ይቀጠር!»

አቶ ሽብሩ አንገታቸውን ደፉ። ጋሽ ደባልቄ የድልድዩን ድንጋይ ይዘው ቆሙ። ወይዘሮ ፈትለወርቅ ሰማዩን አዩ፤ ዝናብ ማንጠባጠብ ጀምሮ ነበር። ጭቅጭቁ ግን አልበረደም።

ይርዳው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ወደ ቦዩ ወረደ። ባለቀይ ቀለበቱ እንጨት እዚያው ነበር፤ ጭቃ ሸፍኖታል። በያዘው ነገር ጠረገው። የያዘው ካባውን ነበር።

«ኧረ ካባው! አንተ ልጅ፣ ካባው!» ብለው ዳኛው ጮኹ።

ጎንበስ ብሎ አነበበ። ከዚያ ቀና ብሎ ለሁለቱም ዳር በሚሰማ ድምፅ አንድ ጊዜ ተናገረ፦

«ሦስት ቀለበት ከግማሽ! እየጨመረ ነው! ልጆቻችሁን ያዙ!»

በሁለቱም ዳር እናቶች ልጆቻቸውን ሳቡ። ይርዳው ጭቃ የነካውን ካባ አጥፎ ብብቱ ሥር አድርጎ ወጣ፤ በሦስቱ ፊት አለፈ፤ ዳሱ ገብቶ ካባውን ሶስና ትቀመጥባት በነበረችው ጎማ ላይ አኖረው። ያን ቀን ያደረገው የመጨረሻ ነገር ይህ ነው።

ካባው ታጥቦ ይጠብቃል። ከእናንተ መካከል ይርዳውን የሚገላግለው ካለ ይናገር፤ ጎማ ግን ይዞ አይምጣ። እውነቱን ለሁሉም እኩል እሰጣለሁ ብለው አሥራ አንድ ቀን ያቆዩት ናቸው? ያን አሥራ አንድ ቀን ያመጡት፣ በኋላም በገዛ ወገናቸው ላይ የመሰከሩት ናቸው? ወይስ ጠባቡን ቱቦ ቀብረው ሰፊውን ድልድይ በቤታቸው ድንጋይ የሠሩት? ካባው ለማን ይገባል?