ለስላሳው ገመድ

አንዲት ቃጫ እየገመደች የምትኖር ሴት ነበረች። ስሟ የሻረግ ነው። ባሏ አዳሙ ቃጫውን ከሸለቆው ቆርጦ፣ ፍቆ ያመጣል፤ እሷ ታጥባለች፣ ታደርቃለች፤ ከዚያ ሁለቱም ግቢያቸው ውስጥ ጫፍና ጫፍ ቆመው ይገምዳሉ። የከተማዋ ላም ሁሉ የምትታሰረው፣ የከተማዋ ጉድጓድ ሁሉ ውሃ የሚቀዳው በእነሱ ገመድ ነበር።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፣ ትርንጎ የምትባል። ትርንጎ አትናገርም። ስሟ ሲጠራ ዞር አትልም፤ የሰው ዓይን አታይም። የቃጫ ክር በጣቶቿ መሀል እያሳለፈች ብትውል ግን አይሰለቻትም። ጫጫታ ሲበዛባት ሁለቱንም ጆሮዋን በመዳፎቿ ጥርቅም አድርጋ ይዛ ትጮሃለች። ደግሞ ውሃ ትወዳለች። በሩ ክፍት ከሆነ በሩጫ ወደ ወንዙ ነው።

ሰፈሩ መቼም ወሬ አያልቅበትም። አንዷ የሰው ዓይን ነው አለች። ሌላዋ፣ እናቷ እርጉዝ ሳለች በቀትር ወንዝ ወርዳ ነው አለች። ሦስተኛዋ የወላጆቿ ኃጢአት ነው ብላ ደመደመች። የሻረግ ያልሄደችበት ጠበል፣ ያላንኳኳችው የመድኃኒት አዋቂ በር የለም። በመጨረሻ ከሌላ አገር የመጣች አንዲት ሐኪም ልጅቷን አጠገቧ አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ ስታያት ቆየችና እንዲህ አለች፦

«ይህ ኦቲዝም ይባላል። እርግማን አይደለም፣ ያንቺም ጥፋት አይደለም። በመርፌ የሚድን ነገርም አይደለም። የሚያስፈልጋት ታግሶ የሚያስተምራት፣ የሚያለማምዳት ሰው ነው። ትምህርት ቤት አስገቧት።»

የሻረግ እዚያው ወንበሩ ላይ እንዳለች አለቀሰች። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ያላት የመጀመሪያ ሰው ሐኪሟ ነበረች።

አሁን ደስ የማይለውን ነገር ልንገራችሁ። ባልና ሚስቱ ቃጫ ሊቆርጡ አብረው ሲወርዱ ትርንጎን የሚጠብቅላቸው ሰው አልነበረም። ጎረቤቱ ልጆቼ ላይ ይጋባል ብሎ ይፈራል። አንድ ጊዜ ብቻዋን ትተዋት ሄደው ሲመለሱ ወንዙ ውስጥ እስከ ደረቷ ገብታ አገኟት። ከዚያ ወዲህ የሻረግ የቃጫውን ምርጥ ለይታ፣ በውሃ አርሳ፣ በቅቤ አሽታ፣ ገላ የማይልጥ ቀጭን ገመድ ገመደች። በዚያ ገመድ ልጇን ከቤቱ ምሰሶ ጋር አስራት ትሄዳለች። ስትመለስ ጎንበስ ብላ መጀመሪያ የምታየው ቁርጭምጭሚቷን ነው። አልቆሰለም። የእናትየው ልብ ግን ቆስሏል፣ ይህን ለማንም አትናገርም።

ትምህርት ቤቱ ከከተማዋ መሀል ነበር። በሩ ላይ በትልቁ «ለልጆች ሁሉ» ተብሎ ተጽፏል። ግቢው ውስጥ ካለው ዋርካ ላይ ለደወል የሚሆን የመኪና ቸርኬ ተንጠልጥሏል፤ በብረት ሲመታ ከተማው ሁሉ ይሰማዋል። ምዝገባው እንደ ጥንቱ ነው። ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ከነካ ለትምህርት ደርሷል፤ ካልነካ ለከርሞ ይመጣል።

የሻረግና አዳሙ ትርንጎን አጥበው፣ ቅባት ቀብተው ወሰዷት። ርዕሰ መምህሩ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ አስወጥቶ ተቀምጧል።

«ጆሮሽን ንኪ» አላት።

ትርንጎ የጠረጴዛውን ልብስ ዘርፍ ትዳስሳለች።

«ጆሮሽን ንኪ እንጂ!»

በዚህ መሀል ቸርኬው ተደወለ። ትርንጎ ጮኸችና ሁለቱንም ጆሮዋን ያዘች።

«አልቻለችም» አለ ርዕሰ መምህሩ። «ቀጥሎ!»

«መምህር፣ ሁለቱንም ይዛለች እኮ» አለች የሻረግ። «እርስዎ የጠየቁት አንዱን ነው።»

የተሰለፉት ወላጆች ሳቁ። ርዕሰ መምህሩ ሳቁን አልወደደውም። «እህቴ፣ እኛ መቼ ጠላናት? ለሷ የሚሆን ቦታ የለንም ነው የምንለው።»

«ለሷ የሚሆነው ቦታ የት ነው?»

«እንግዲህ... ቤቷ ነዋ።»

«ቤቷ እንዴት እንደምትውል ያውቃሉ?»

«እሱ የእናንተ ጉዳይ ነው» አለና ሌላ ልጅ ጠራ።

በማግስቱ ቃጫው መቆረጥ ነበረበት። ትርንጎ ከምሰሶው ጋር ታሰረች።

ቅዳሜ የሻረግ ገበያ ወጣች። አንዲት ጥሩ የለበሰች ሴት መጥታ ገመዱን እያነሳች ትመርጥ ጀመር። እያንዳንዱን በእጇ አንጓ ውስጠኛ ገላ ላይ ታሽና ትመልሰዋለች። የላም ገመድ የሚገዛ ሰው እንዲህ አያደርግም። ይጎትታል፣ ጥንካሬውን ያያል እንጂ።

«ከዚህ የለሰለሰ የለሽም?» አለች ሴትየዋ።

«ለላም ነው ለፍየል?»

«ኧረ እኛ ከብት የለንም። ለቤት ነው።»

የሻረግ ሴትየዋን ትክ ብላ አየቻት። አወቀቻት። አትጠገብ ትባላለች፣ የትልቁ ነጋዴ ሚስት ናት፤ ከተማው መካን ናት ይላታል።

«ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?» አለቻት በቀስታ።

አትጠገብ ገመዱን ጣለችው። ግራ ቀኟን አየች። «ወንድ ነው» አለች በሹክሹክታ። «ማን ነገረሽ?»

ማንም አልነገራትም። ግን የሻረግ እዚያው መደቧ ላይ እንደተቀመጠች፣ ባለፉት ዓመታት ለስላሳ ገመድ ያስመረጧት ሰዎች ፊት አንድ በአንድ መጣባት። ልብስ ሰፊው። ከወንዝ ማዶ የምትኖረው ባልቴት። ዳቦ ጋጋሪው ከነሚስቱ። ሁሉም «ለቤት ነው» ነበር ያሏት። ከተማው ውስጥ ያለችው የታሰረች ልጅ የእሷ ብቻ መስላት ስታፍር ኖራለች፤ ለካ ገመዱን በገዛ እጇ ስትሸጥላቸው ነበር። መጀመሪያ አዘነች። ቆይታ ተናደደች፤ ንዴቱ ደግሞ የሚበርድ አልሆነም።

«አልሸጥልሽም» አለች። «ሰኞ ጠዋት ግን ቤትሽ ያለውን ገመድ ይዘሽ ትምህርት ቤቱ በር ነይ። ልጁንም ይዘሽ።»

«አብደሻል? ሰው ቢያየኝስ?»

«ይይሽ» አለች የሻረግ።

አዳሙ ሐሳቡን ሲሰማ ራሱን ያዘ። «ሰው ምን ይለናል?»

«እስከ ዛሬ ሲለን የኖረውን ነዋ። አዲስ ነገር ከየት ያመጣል?»

ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ «ለልጆች ሁሉ» ከሚለው ጽሑፍ ሥር፣ የሻረግ ያንን በቅቤ የታሸ ገመድ አንጠለጠለችው። ትርንጎን አቅፋ ከሥሩ ተቀመጠች። አዳሙም ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ያን ቀን ማንም አልመጣም፤ የመጣ ቢኖር ሊስቅ የመጣ ነው። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን አትጠገብ ጃንጥላ ይዛ፣ ልጇን በእጇ ይዛ መጣች። ጃንጥላውን አጠፈችና ከሐር መቀነት የተሠራ ማሰሪያ ከየሻረግ ገመድ ጎን ሰቀለች። ገበያው ሁሉ ወሬውን ሰምቶ ሊያይ ወጣ። ከዚያ ልብስ ሰፊው መጣ፤ ባልቴቷ የልጅ ልጇን አዝላ መጣች፤ ዳቦ ጋጋሪውና ሚስቱ መንትዮቻቸውን ይዘው መጡ። በሩ ላይ የሚንጠለጠለው በዛ።

አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ከየሻረግ ፊት ቆሙ። «ልጄ፣ እንዲህ ያለ ገመና አደባባይ አይወጣም። ሰብሰብ አድርጊውና ቤትሽ ግቢ።»

«አባቴ፣ ገመናው የማን ነው?» አለች የሻረግ። «እኔ ልጄን የማስረው የሚያስተምራት ስላጣሁ ነው። የሚያፍር ካለ ይፈር፤ እኔ በቃኝ።»

ርዕሰ መምህሩ ትዕግሥቱ አለቀ። የበሩን ዘበኛ ጠራው። «አበጋዝ! ይህን ቆሻሻ አሁኑኑ ቁረጥልኝ!»

አበጋዝ ወጥቶ ሄደ። ሁሉም ቢላዋ ሊያመጣ የሄደ መሰለው። ሲመለስ በአንድ እጁ ገመድ፣ በሌላው እጁ ዓይኗን ከብርሃኑ የምትከልል አንዲት ልጃገረድ ይዟል። ገመዱን ራሱ በሚጠብቀው በር ላይ አሰረው። ርዕሰ መምህሩ አንዴ አበጋዝን፣ አንዴ ልጅቷን አየ። ዓመታት አብረው ሲሠሩ አበጋዝ ልጅ እንዳለው አያውቅም ነበር።

ወሬው የከተማዋ ሹም ዘንድ ደረሰና ሹሙ ከነአጃቢዎቹ መጣ። በሩን ላይ ታች አየው።

«ምንድን ነው ይህ ሁሉ ገመድ? ገበያ ነው ትምህርት ቤት?»

የሻረግ ተነሣች። «ጌታዬ፣ ንብረታችሁ ነው። መለስንላችሁ።»

«የኛ? መቼ ሰጠናችሁ?»

«የገመድነው እኛ ነን። ይህ በር ሲዘጋብን ነው ግን ቤታችን የገባው። ከዛሬ ጀምሮ እኛ ዘንድ አያድርም።»

ሹሙ ራሱን እንደ ደግ ሰው የሚያይ ዓይነት ነበር። ወደ አበጋዝ ዞሮ፣ «አንተስ፣ በር ጠብቅ ተብለህ ተቀጥረህ?» አለው።

«ጌታዬ፣ የሰውን ልጆች በር ከፍቼ አስገባለሁ» አለ አበጋዝ። «የኔዋ ላይ ቆልፌ ነው የምመጣው።»

ሹሙ ጉሮሮውን ጠረገ። «ችግራችሁ ገብቶኛል። በየወሩ እህል ይሰፈርላችሁ፤ እናንተም ልጆቹን ቤታችሁ ተንከባከቧቸው።»

ወላጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ለባልቴቷ እህል ቀላል ነገር አልነበረም፤ የሻረግም ይህን ታውቃለች። ቢሆንም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንዲህ አለች፦ «የቸገረው እህሉን ይውሰድ፣ ነውር የለበትም። ግን በሩን የመዝጊያ ዋጋ እንዲሆን አይደለም። እናንተ ለልጆቻችሁ እህልም ትምህርትም ትሰጣላችሁ። የኛዎቹ ለምን አንዱን ይምረጡ?»

«ይግቡ ቢባልስ?» አለ ርዕሰ መምህሩ። አሁን ድምፁ ቁጣ አልነበረውም፤ የእውነት ጨንቆት ነበር። «ደወሉ በተመታ ቁጥር እንዲህ እየጮሁ እንዴት አድርገን እናስተምራቸው?»

ኮፍያውን ደፍቶ ተቀምጦ የነበረው አዳሙ ተነሣ። ማንንም ሳያስፈቅድ ገመዶቹን ከበሩ ላይ እየፈታ በትከሻው ያዘ። ወደ ዋርካው ሄዶ መምቻውን ብረት ከላይ እስከ ታች ጠመጠመው፤ በተረፈው ቸርኬውን ጠመጠመ። እጁ ገመድ ስለለመደ ሥራው ብዙ አልፈጀበትም።

«አሁን ይምቱት» አለ።

መቱት። ድም አለ። ከተማው አልሰማውም፤ ተማሪዎቹ ግን ሰምተው ወደ ክፍል ሄዱ። የትርንጎ መዳፎች ወደ ጆሮዋ ተነሥተው ነበር፤ መንገድ ላይ ቀሩ። ቆማ አዳመጠች። ከዚያ ብቻዋን በሩን አልፋ ወደ ዋርካው ሄደችና የተጠመጠመውን ገመድ በጣቶቿ ትዳስስ ጀመር። የሻረግ ከበሩ ውጭ ቆማ አየቻት፤ አልጠራቻትም።

«ይመዝገቡ» አለ ሹሙ።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ቀና አልሆነም። ይህን አንወድም ብለው ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤቱ ያስወጡ ወላጆች ነበሩ። አንዱ መምህር ይህ የኔ ሥራ አይደለም ብሎ ለቀቀ። ያቺ ሐኪም እየተመላለሰች የቀሩትን መምህራን አስተማረቻቸው። የአበጋዝ ልጅ መጋረጃ ካልተዘጋ ክፍል አልገባም አለች፤ መጋረጃ ተሰፋ። ትርንጎ እስከ ዛሬ አትናገርም። ውሃ ስትፈልግ ግን የመምህርቷን እጅ ይዛ ወደ ማሰሮው ትወስዳታለች፤ ቀኑን ሙሉም እግሯ ነጻ ነው።

ዓመቱ ሲያልቅ ትምህርት ቤቱ ድግስ ደገሰ። ሹሙ ስለ ራሱ ርኅራኄ ረዘም አድርጎ ተናገረ። ቀጥሎ የሻረግ ወጥታ በወላጆቹ ስም እንድታመሰግን ተጠየቀች።

የሻረግ ወጣች። «ልጆቻችንን ያስተማሩልንን መምህራን አመሰግናለሁ፣ ደክመዋል» አለች። «በሩን ስለከፈታችሁ ግን አላመሰግንም። ለልጆች ሁሉ ብላችሁ የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ፤ እኛ ያነበብነውን ነው የጠየቅነው።» ብላ ወርዳ ተቀመጠች። የጭብጨባው ድምፅ መጀመሪያ ከኋላ፣ ከወላጆቹ በኩል መጣ።

ድግሱ ሲበተን ርዕሰ መምህሩ ቀረብ ብሎ በሩን አሳያት። አዳሙ ያን ዕለት አንዱን ገመድ፣ የትርንጎን፣ ሳይፈታው ቀርቶ ነበር። «ይህን እንኳ እናንሣው ይሆን? በሩን አበላሸው።»

«ይቆይ» አለች የሻረግ። «ገና ያልመጡ አሉ።»

ወዳጆቼ፣ አንድ ልጅ ለትምህርት ደርሷል ወይ ብለን ጆሮውን ከማስነካታችን በፊት፣ ትምህርት ቤታችን ለልጁ ደርሷል ወይ ብለን እንጠይቅ። የሚያስተምር አጥታ ልጇን የምታስር እናት ጨካኝ አይደለችም፤ ገመዱን ያስያዝናት እኛ ነን። በሩ የልጇ መብት ነውና አንገቷን ደፍታ ልትለምነን አይገባም። ቆማ ስትጠይቀን ደግሞ ጸጥ በይ አንበላት።

እስቲ ልጠይቃችሁ፦ እናንተ ሰፈር ከብት ሳይኖረው ለስላሳ ገመድ የሚገዛው ማን ነው?