የመርሃ ግብሩ ጉድጓድ

ተረት ተረት። «የመሠረት» እስክትሉኝ አልጠብቅም፤ ኤሊ በአፏ ውኃ ይዛ ቆማለችና።

በአንድ የተራቆተ ኮረብታ ላይ የእንስሳቱ ሊቀመንበር ዝንጀሮ በየክረምቱ አንድ ችግኝ ይተክል ነበር። እንስሳቱ ያጨበጭባሉ፣ ችግኙ ይደርቃል፤ በዓመቱ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሌላ ይተከላል። አዲስ ጉድጓድ ቆፍሮ ማን እጁን ያቆሽሻል?

አምና ግን ኤሊ ማንም ሳያዛት፣ በገዛ ፈቃዷ ችግኙን ማጠጣት ጀመረች። ወንዙ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ በአፏ ከምትይዘው ውኃ ግማሹ መንገድ ላይ ይፈስባታል። ቢሆንም በጋውን ሙሉ ተመላለሰች።

ክረምት ሲገባ ሊቀመንበሩ አዲስ ችግኝ ታቅፎ፣ አጨብጫቢዎቹን አስከትሎ መጣ። ጉድጓዱ ውስጥ ግን የአምናው ችግኝ ለምልሞ ቆሟል።

«እትዬ ኤሊ፣ ይህን ንቀይልን። ቦታው ለዛሬው መርሃ ግብር የተያዘ ነው» አላት።

ኤሊ የያዘችውን ውኃ ቀስ ብላ ችግኙ ሥር አፈሰሰች። ከዚያ እዚያው ተኝታ እግሮቿን ወደ ውስጥ ሰበሰበች።

«አልነቅልም። የሚነቅል ካለ መጀመሪያ እኔን ያንሳኝ። ኮረብታው ሰፊ ነው፤ እርስዎም እጅ አለዎት፣ ይቆፍሩ።»

ዝንጀሮ ወደ አጨብጫቢዎቹ ዞረ። አንድም ያጨበጨበለት የለም። ችግኙን መሬት አስቀምጦ አፈሩን በአንድ ጣቱ ነካ ነካ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት።

«ለመሆኑ ጉድጓድ በምንድን ነው የሚቆፈረው?»

ኤሊ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«በጥፍር ነው፣ ጌታዬ።»

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦው ይቅርና አፌን በውኃ አብሱልኝ፣ ከችግኙ ከተረፈ።