አንጓችና የሌለው ቁስል

በድሮ ዘመን ነው ልጆቼ፤ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። በድሮ ዘመን፣ ከወንዝ ማዶ ባለ አንድ መንደር፣ አንጓች የምትባል ልጃገረድ ነበረች። አንጓች ሥራ ወዳድ ነበረች፤ ጨዋታ አዋቂ ነበረች፤ ዘፈን ስታወርድማ የሄደ ይመለስ ነበር። በዚያው መንደር ጓንጉል የሚባል ሰው ነበረ። ጓንጉል ሰነፍ ነው፤ ሆዳም ነው፤ ምላሱ ግን ማር ነው።

አንጓች ለወግ ለማዕረግ በደረሰችበት ዘመን አንድ ሕመም ገባባት። ቁስል የለው፣ እብጠት የለው፣ ትኩሳት የለው። ጧት ስትነሣ መገጣጠሚያዋ ሁሉ የተቸነከረ ይመስላታል፤ እንስራ ማንሣት ቀርቶ ነጠላዋን መልበስ ያቅታታል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ይተዋታል። ያን ቀን እንደ ድሮዋ ትስቃለች፣ ትዘፍናለች፣ ውሃ ትቀዳለች። በማግስቱ ተመልሶ ይጥላታል።

ጠበል ጠጣች፤ አልተዋትም። ሥር ተምሶ ተሰጣት፤ አልተዋትም። ወጌሻ አሻት፤ አልተዋትም።

ጎረቤቶቿ፣ «ጉንጯ ወዝ ጠግቦ የምን በሽታ ነው?» አሉ።

ጓደኞቿ፣ «ትናንት ስትዘፍን አልነበረም እንዴ? ዛሬ ሥራ ሲሆን ታመመች?» አሉ።

የእናቷ ግን ከሁሉ ባሰ። «ልጄ፣ እኔ ባንቺ ዕድሜ አንቺን አዝዬ እፈጭ ነበር። በርቺ እንጂ! ተነሽ!» አለቻት።

አንጓች የጎረቤቶቿን ቻለችው። የጓደኞቿንም ቻለችው። እናቷን ግን ናፈቀቻት። አንድ ቤት እያደሩ፣ አንድ መሶብ እየቀረቡ ናፈቀቻት። ልጅ ሳለች እሾህ ሲወጋት እግሯን ታቅፋ «እኔን ይውጋኝ» ትላት የነበረችውን እናቷን፣ እዚያው አጠገቧ ተቀምጣ ናፈቀቻት።

ክረምቱ ገፋ፤ ጤፍ የሚታረምበት ወቅት ደረሰ። መንደሩ ሁሉ ለደቦ ወጣ። ጓንጉልስ ምን አደረገ? ጨርቅ በዶሮ ደም ነከረና ደህናውን እግሩን ጠቀለለበት። «ወይኔ እግሬ! መጥረቢያ ቆረጠኝ!» እያለ፣ እያነከሰ መጣ።

«እግዜር ይማርህ!» አሉት። ጥላ ሥር አስቀመጡት፤ ጠላ ቀዱለት፤ ቅቤ ላኩለት። አንጓች ግን ጥርሷን ነክሳ ስታርም ውላ፣ ወደ ማታ ሲያቅታት ቁጭ ብትል፣ «ይቺ ታካች!» አሏት።

ጓንጉል ይህን አየና ወደ ጥላው ጠራት። «አንቺ ሞኝ፣ ሰው የሚያምነው ጨርቅ ነው» አላት።

«አያ ጓንጉል፣ እኔ እኮ የምሬን ነው የታመምኩት።»

«ሞኝነትሽ እሱ አይደል! አንቺ የምርሽን ታመሽ ትሰደቢያለሽ፤ እኔ ሳልታመም ቅቤ እበላለሁ። ጠቅልዪ!»

እንቢ አለች። በሌላ ቀን መጣ፤ እንቢ አለች። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ጠናባት፤ እናቷም ከደጅ ሆና «ተነሽ!» ብላ ተጣራች። ያን ጊዜ አንጓች ክንዷን በጨርቅ ጠቀለለች። «እምዬ፣ ወድቄ ድንጋይ ክንዴን ቀደደው» አለች።

«እኔ ልውደቅልሽ!» ብላ እናቷ ጮኸች። ቁርበት አነጠፈችላት። ገንፎ አገነፋችላት። የልጇን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ፀጉሯን እየዳበሰች አለቀሰች። ጎረቤት ወተት ይዞ መጣ፤ ጓደኞቿ እየሮጡ መጡ፤ የመንደሩ ሽማግሌ አባ ይርጋም ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። ጓንጉልም ገንፎው ሸቶት እያነከሰ ገባ።

አንጓች ስትናፍቀው የኖረችው እጅ ይኸው ፀጉሯን ይዳብሳል። ግን ልቧ አልሞላም። እጁ የመጣው ለእሷ አይደለማ! ለጨርቁ ነው። ነገ ጨርቁ ሲፈታ እጁም ይሄዳል። ይህን ስታስብ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«አመመሽ ልጄ?» አለች እናቷ።

«አዎ እምዬ። ግን እዚህ ጋ አይደለም» አለችና ቀና ብላ ጨርቁን ፈታችው። ክንዷ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም።

ቤቱ በአንድ አፍ፣ «ዋሸችን!» አለ።

አባ ይርጋ እጃቸውን አነሡ። «ለምን ዋሸሽ ልጄ?»

«አጥፍቻለሁ አባቴ፤ ዋሽቻለሁ። ግን እዩት፤ ለሌለው ቁስል አለቀሳችሁልኝ፤ ላለው ሕመም ሰደባችሁኝ። ወተቱንም ገንፎውንም አልፈልግም። ሕመሜ ደህና ቀን አለው፤ ክፉ ቀን አለው። በደህናው ቀን ከማንም እኩል እሠራለሁ። በክፉው ቀን 'አልቻልኩም' ስላችሁ እመኑኝ። የምለምነው ይኸንን ብቻ ነው።»

እናቷ ባዶውን ክንድ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ጠጋ አለችና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እሺ፣ የት ጋ ነው የሚያምሽ?» አለቻት። ከታመመች ጀምሮ ይህን ጠይቃት አታውቅም ነበር። አንጓችም ሁሉንም ነገረቻት፤ እናቷም ሳታቋርጥ ሰማቻት።

አባ ይርጋ ወደ ጓንጉል ዞሩ። «እስቲ ያንተንም እግር ፈተን እንየው» ከማለታቸው፣ ጓንጉል በዚያው ቆሰለ ባለው እግሩ አጥር ዘሎ ፈረጠጠ! ከዚያ ወዲያ ማሳውን ብቻውን አረመ። አንድ ቀን መጥረቢያ የእውነት እግሩን ሲቆርጠው ጮኸ፤ ማንም ከሥራው ቀና አላለም። ደህና ቀኗ ነበርና የደረሰችለት አንጓች ናት። «እውነትህን ነው?» አላለችውም።

አንጓች ዳነች ወይ? አልዳነችም ልጆቼ። ልጃገረዶቹ እየዘፈኑ ወደ መስክ ሲወርዱ፣ አንዳንዴ ከደጃፏ ሆና ድምፃቸው እስኪጠፋ ታዳምጣለች፤ የድሮ ጉልበቷም ይናፍቃታል። እናቷም አጠገቧ ትቀመጣለች፤ «ተነሽ!» አትላትም።

እናንተም ልጆቼ፣ ደም ስላላያችሁ ሕመም የለም አትበሉ። የታመመን ሰው «የት ጋ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ሲነግራችሁም እመኑት። እኔ የሰማሁትን አወረስኳችሁ፤ እናንተም ለሚሰማችሁ አውርሱ።