የወይዘሮ ትብለጥ ቀይ ማጥፊያ

በአንድ ወቅት፣ ከሰው ጩኸት የመኪና ጩኸት በሚበዛባት አንዲት የመንገድ ዳር ከተማ፣ ወይዘሮ ትብለጥ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ሥራቸው የመኪና ሙዚቃ መግጠም ነው። ሴት ስለ ሰብዉፈርና ስለ አምፕሊፋየር ምን ታውቃለች ብሎ የሳቀ ሾፌር ሁሉ፣ ሌላ ቦታ አስገጥሞ ስፒከሩ ሲቃጠልበት አንገቱን ደፍቶ ይመለስ ነበር። እሳቸውም «ተቃጠለ? እሰይ!» ይሉና ቁጭ ብለው ይሠሩለታል።

አንድ ደንብ ነበራቸው። የገጠሙለት መኪና ማርሹ አጠገብ አንዲት ቀይ ማጥፊያ ሳትደረግለት ከግቢያቸው አይወጣም። በዚያች ከተማ የለቅሶ ድንኳን የሚተከለው መንገድ ዳር ነው፤ ሾፌርም ድንኳን ሲያይ ሙዚቃውን ይዘጋል። የቴፑን ድምፅ መቀነሻ ሲፈልግ ድንኳኑን ያልፈዋል። ስለዚህ ድምፅ የሚያጎላውን አምፕሊፋየር በአንድ ጊዜ ጸጥ የምታሰኝ ማጥፊያ ትኑር አሉ፣ ኖረች። «ማስጮህማ ማንም ያስጮሃል» ይሉ ነበር፤ «ዝም ማሰኘት ነው ሙያ።»

ሦስት ልጆች ነበሯቸው፤ ሙያቸውን ቆራርሰው አከፋፈሏቸው። ትልቁ ሙላት አናጢ ነው፤ ባስ የሚያወጣው ትልቁ ስፒከር፣ ሰብዉፈሩ፣ በጠባብ ሳጥን እንደሚታፈን፣ በሰፊ ሳጥን እንደሚልፈሰፈስ አውቆ ልኩን ይሠራለታል። መካከለኛው ዘውዱ ማጋባት ያውቅበታል፤ የትኛው አምፕሊፋየር የትኛውን ሰብዉፈር እንደሚችል፣ ሽቦው ምን ያህል ካልወፈረ ጉልበት መንገድ ላይ እንደሚቀር። የመጨረሻዋ ስንዱ ደግሞ ጆሮ አላት። ሁሉ ነገር ከተገጠመ በኋላ የአምፕሊፋየሩን ጉልበት በካቻቢቴ ቀስ እያለች ትከፍትና፣ ድምፁ ሊሰነጠቅ ሲል መለስ ታደርገዋለች። ያደገችው ሱቁ ውስጥ ነው። ከዚያ ሱቅ ሌላ ቤት አለኝ ብላ አታውቅም።

ወይዘሮ ትብለጥ ሞቱ። ድንኳን ተተከለ። የሚያልፈው መኪና ሁሉ፣ ሲኖትራኩም ባጃጁም፣ ሟቿ ራሳቸው የገጠሙለትን ማጥፊያ እየተጫነ በጸጥታ አለፈ። ስንዱን ከሙሾው ይልቅ ያስለቀሳት ያ ጸጥታ ነበር።

ከዚያ አስናቀ መጣ። የእህል ነጋዴ ነው፤ ፒክአፑ ላይ ሙዚቃ ያስገጠመው ሌላ ከተማ ሄዶ ስለሆነ ቀይ ማጥፊያ የለውም። ጓደኛውን ከጎኑ አስቀምጦ አዲሱን ባስ እያሳየው ነበር። ድንኳኑን አየ። አየና ጨመረ! ሸራው ተርገበገበ፣ የንፍሮው ሳህን ከወንበር ላይ ተንሸራትቶ ወደቀ፣ አስለቃሿ ቃሏን አቋረጠች። የአስናቀ እናት ወይዘሮ የሺመቤት ከጠዋት ጀምረው እዚያው ድንኳን ውስጥ ሲያለቅሱ ነበር፤ የልጃቸው መኪና መሆኑን ሲያውቁ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

በማግስቱ ዘውዱ መንገድ ላይ አስቁሞ «እንዴት በእናቴ ለቅሶ?» ቢለው፣ አስናቀ «የሞተ ሰው ጆሮ የለውም» ብሎት ሄደ። ሲሄድም እየሳቀ ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ የሦስቱም ጥርስ ውስጥ ገባ። እሱ ረስቶት ይሆናል፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

የሱቁ ቁልፍ የወይዘሮ ትብለጥ ወንድም በጋሽ ተድላ እጅ ቀረ። በተዝካሩ ቀን ልጆቹ ቁልፉን ሲጠብቁ፣ ጋሽ ተድላ ኪሳቸውን ነካ አድርገው ተዉት። «ቁልፍ ተቆርሶ አይካፈልም» አሉ። «የእህቴን ለቅሶ ያዋረደ ሰው ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። የእናቱን ክብር ያስመለሰ እሱ ይክፈተው።» እኛ የምናውቀው ሽማግሌ ሲያስታርቅ ነበር፤ እኒህኛው ግን እሳት ላይ ጭድ ጨመሩ።

አስናቀ ሚስት ሊያገባ ሆነ። ባሱ ግን ይደበድባል እንጂ ወደ ታች ጠልቆ አይወርድለትም፤ ሳጥኑ ጠባብ ነዋ። በዚያ ድምፅ ሙሽራ ማጀብ አሳፋሪ ነው። በከተማው ሳጥን የሚሠራ ከሙላት በቀር የለም፤ ያ ዓይን አውጣ ምንም እንዳልበደለ ሰው መጥቶ ደጁ ላይ ቆመ።

«ሙሌ፣ ሰፋ ያለ ሳጥን ሥራልኝ። በሰፈሩ ሳልፍ መሬቱ ይንቀጥቀጥ።»

«ይንቀጠቀጣል» አለ ሙላት፣ ለስለስ ብሎ።

ሳጥኑን አሳምሮ ሠራው፤ ክፉ ሥራ እጁ እንቢ ይለዋል። ነገር ግን ቴፑ ሲከፈት አምፕሊፋየሩን የምትቀሰቅስ አንዲት ቀጭን ሽቦ አለች። እሷን ወደ ኋላ ስቦ፣ ከፒክአፑ የኋላ መብራት ሥር እንደ እናቱ ያለች ቀይ ማጥፊያ ደበቀባት። የሰርጉ ዕለት ሙላት እያጨበጨበ ከጨፋሪው ጋር ከመኪናው ኋላ ተከተለ። አጀቡ የወይዘሮ ትብለጥ ደጃፍ ሲደርስ እጁን ሰዶ ተጫነ። ጸጥ አለ። ጨፋሪው እግሩን እንዳነሳ ቀረ። ሙሽራው ቴፑን መታ፣ ጠመዘዘ፣ ተሳደበ፤ መንገዱ በሳቅ ሞላ። የሙሽሪት አጎት «ይሄ ደግ ገድ አይደለም» ብለው ልጅቱን ከጎኑ አውርደው ሌላ መኪና ላይ አሳፈሯት። ያኔ ሙላት በመስኮቱ ጎንበስ አለና «እዚህ ደጅ ላይ እንዲህ ነው የሚታለፈው» አለው። አስናቀ ነገሩ ገብቶት ላቡን ጠረገ። የሙላት አንጀት ቅቤ ጠጣ።

የዘውዱ ግን አልጠጣም። «አንተ ዘፈን ነው የዘጋኸው» አለው ወንድሙን፤ «እኛ እንባችን ላይ ነው የተጨፈረብን።» የእናቱን አሮጌ መኪና አወጣ። ሁለት ከባድ ሰብዉፈሮች መረጠ፣ የሚችላቸውን አምፕሊፋየር አጋባላቸው፣ ከባትሪው ጣት የሚያህል ሽቦ ጎተተ። ከዚያ ጥርሱን ነክሶ ጠበቀ። ክረምቱ ሲወጣ ወይዘሮ የሺመቤት ሞቱ፣ የአስናቀም ድንኳን መንገድ ዳር ተተከለ።

«ስንዱ፣ ጆሮሽን አምጪ» አላት።

ስንዱ ለምን እንደተጠራች አላጣችውም። ካቻቢቴዋን ይዛ ስትንበረከክ፣ ወይዘሮ የሺመቤት ፊታቸው ላይ የሳቡት ነጠላ ትዝ አላት። ያ የወደቀ የንፍሮ ሳህንም ትዝ አላት። ጉልበቱን ቀስ እያለች ከፈተችው፤ ድምፁ ሊሰነጠቅ ጫፍ ሲደርስ «በቃ፣ ይኸው» አለች። ዘውዱ ማርሹ አጠገብ ያለችውን ማጥፊያ ሊነቅላት ነበር። «እሷን እንዳትነካ» አለችውና አብራው ተሳፈረች።

ዘውዱ ድንኳኑ ፊት አቁሞ ለቀቀው። ሸራው ተርገበገበ፣ ምሰሶው ተነቃነቀ፣ ሙሾው ተቆረጠ። ሴቶቹ ደረታቸውን ያዙ፤ አንድ አዛውንት በከዘራቸው መኪናውን ደበደቡት። ዘውዱ «የሞተ ሰው ጆሮ የለውም!» እያለ ይጮኻል፤ በገዛ ሙዚቃው ተውጦ ማንም አልሰማውም።

የስንዱ ጣት ማጥፊያዋ ላይ ነበር። አልተጫነችም። ወይዘሮ የሺመቤት ለእናቷ ማልቀሳቸውን አልረሳችም፤ ቢሆንም አስናቀ እስኪወጣ ጠበቀች። ወጣ፤ ፀጉሩን ተላጭቷል፣ ፊቱ በእንባ ርሷል። ዓይኑ ዓይኗ ላይ እስኪያርፍ ጠበቀች። ከዚያ ተጫነች።

በዚያ ሁሉ ጩኸት ላይ ጸጥታው ወረደ። ስንዱ ወርዳ አስናቀ ፊት ቆመች።

«እትዬ የሺመቤት ለእናቴ አልቅሰውላታል» አለችው። «ጸጥታው የሳቸው ነው። ያንተ አይደለም።»

ገብታ ከሴቶቹ መካከል ተቀመጠች። አስናቀ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አነሳና ማጅራቱ ላይ ጫነ። የእናቱን ድንኳን ትቶ፣ ጎንበስ እንዳለ፣ ሰው ሁሉ እያየው ሄዶ የወይዘሮ ትብለጥ ደጃፍ ላይ ተንበረከከ። ጋሽ ተድላ መጥተው ድንጋዩን አወረዱለት። ስንዱ ከድንኳኑ ሆና የጎበጠ ጀርባውን ስታይ ደስ አላት። አዘነችለት የሚል ካለ ተሳስቷል፤ በጣም ነው ደስ ያላት።

ሦስቱ ጋሽ ተድላ ፊት ቀረቡ።

«የነካሁት የበደለንን ሰው ብቻ ነው» አለ ሙላት። «የማንንም ሙት አላስደነገጥኩም።»

«ሰርጉ ባለፈ በሳምንቱ አስናቀ እንደገና ደረቱን ነፍቶ ነበር» አለ ዘውዱ። «የሠራብንን በገዛ አንጀቱ ያስቀመስኩት እኔ ነኝ። እኔ ባላስጮህ ስንዱ ምኑን ታጠፋው ነበር?»

«ድንጋይ ያሸከመው ጩኸትህ ሳይሆን ጸጥታው ነው» አለች ስንዱ። «የእማዬን ደንብ የጠበቅኩት እኔ ነኝ።»

ሙላት ዞር ብሎ አያት። «ጠበቅሽ? እማዬ ማጥፊያውን ተጫኑ ያለችው ድንኳን ሲታይ ነው። አንቺ የተጫንሽው አስናቀ ሲታይ ነው።»

ጋሽ ተድላ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ሦስቱንም አዩአቸው፤ መልሰው ከተቱት።

ሱቁ እስከ ዛሬ እንደተዘጋ ነው። ቀይ ማጥፊያው የተበላሸበት ሾፌር የሚጠግንለት ስላጣ፣ እየጮኸ በድንኳን ደጃፍ የሚያልፍ መኪና በዚያች ከተማ እየበዛ መጥቷል። ስንዱም ስትሰማው ጆሮዋን ትይዛለች። እንግዲህ ፍርዱ የእናንተ ነው፣ ብዙ ሰውም እየጠበቀው ነው፦ በዳዩን ብቻ መርጦ ላዋረደው፣ የተደረገበትን ሳያጎድል ለመለሰው ወይስ አዘግይታም ቢሆን ዝም ላሰኘችው፣ የወይዘሮ ትብለጥ ሱቅ ቁልፍ የሚገባው ለማን ነው?